ዘጠና ቀን በካካ ሂራ አቆጣጠር

ፓታን፣ በእኛ አቆጣጠር ጄት 12 ቀን 2056

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለጆግ ራትና፣ ቺያንግ ማይ፤

ባለህበት ጤናህ ይብዛ፤ መዶሻህ ጣትህን አይሳትብህ... ይቅርታ፣ ጣትህን ይሳት፣ ብሩን ያግኝ፤ የግቢያችን አምላክ በቀኝህ ይቁም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ጋር መኖር አልፈልግም እያለ ነው፤ እሱን ተወው።

ነገሩን ላሳጥርልህ። አባትህ ሰባ ሰባት ዓመት ከሰባት ወር ከሰባት ቀን የሚሞላቸው ካርቲክ 8 ነው። ኮከብ ቆጣሪው ሁለት ጊዜ ቆጠረ፤ እኔ ደግሞ ሦስተኛ ቆጠርኩበት። ያን ቀን እንደ ወጋችን ሠረገላ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከሽማግሌ ወገን ወደ አማልክት ወገን ይሻገራሉ፣ ሠፈሩ በሙሉ እግራቸው ላይ ይወድቃል። የሠረገላውን የፊት ገመድ የሚይዘው ወንድ ልጅ ነው። ያሏቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱም አንተ ነህ። እኔ ልያዘው ወይ ብዬ ካህናችንን ጠይቄ ነበር፤ ወንድም ከኋላ ይገፋል እንጂ ከፊት አይጎትትም አለኝ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የግብዣ ወረቀት አይደለም።

ስትመጣ በእጅህ የተቀጠቀጠ አንድ የብር ሳህን፣ ፊልም የጎረሰ ካሜራ፣ ለከበሮ መቺዎቹ ሁለት ጠርሙስ ውስኪ፣ ለእኔም ጃንጥላ ታመጣለህ፤ ሲጫኑት ራሱ የሚዘረጋውን። ገንዘብ አልጠየቅኩህም፤ ልብ በልልኝ።

ስልክ አትደውል። ስልኩ ያለው ሱቅ ውስጥ ነው፤ አንተ ስትጠይቀኝ ባለሱቁ ቀድሞኝ ይመልሳል።

ካካህ፣ አጎትህ ሂራ ካጂ
(ከመሬት መዝገብ ቤት በክብር ጡረታ የወጣ)


ቺያንግ ማይ፣ ጁን 10፤ በዚህ አገር ሰዎች አቆጣጠር ዓመቱ 2542

ለተከበሩት ካካዬ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? ጉልበትዎን ማርልኝ ብያለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አሠሪዬ ኩን ዊቺት ምን ሆነህ ነው የምትስቀው አለኝ። አባቴ አምላክ ሊሆን ነው አልኩት። እንኳን ደስ አለህ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እዚህ አገር ሰው በዚህ ዓይነት ነገር አይደነግጥም።

እመጣለሁ፤ ገመዱን ማንም እንዳይነካብኝ። አመጣጤ ግን ሥርዓት አለው፤ እርስዎ የቢሮ ሰው ስለሆኑ ይገባዎታል። እዚህ የምንኖር የውጭ ሰዎች በየዘጠና ቀኑ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄደን «አለሁ፤ የምኖረውም እዚያው ነው» ብለን እናስመዘግባለን። ቁጥር ይወሰዳል፣ ይጠበቃል፣ ቅጽ ይሰጣል፣ የሚቀጥለው ቀን የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ፓስፖርት ላይ ትያያዛለች። አሥራ አምስት ቀን ቀድሞ መሄድ ይቻላል፤ ካለፈም ሰባት ቀን ይታገሣሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አላዛነፍኩም፤ ፓስፖርቴ ከወረቀቶቹ ብዛት የተነሳ አልዘጋ ብሎኛል።

ዘንድሮ አንዲት ነገር ተለወጠች። ባለፈው ወር ለአንድ ገዳም የብር ዕቃ ለማድረስ ከኩን ዊቺት ጋር ወደ ላኦስ ተሻግሬ በእናንተ ጄት 5 ተመለስኩ። ድንበር ተሻግሮ ለገባ ሰው ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ ትንሿን ወረቀት ግን የሚሰጠው የለም። ራሱ ቆጥሮ ይቀርባል።

የዓመቱ የመኖሪያ ፈቃዴም ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ይታደሳል። ከዚያ የመመለሻ ማህተም አስመትቼ እወጣለሁ። ያለዚያ ማህተም የወጣ ሰው ፈቃዱ እዚያው ድንበሩ ላይ ይሞታል፤ የእኔም የስድስት ዓመት ሥራ አብሮ ይቀበራል። አያስቡ፣ ጊዜው ሰፊ ነው።

የአባዬን እግር ሳሙልኝ። ለእህቴ ለሾቫም ሰላምታዬ ይድረሳት።

ጆግ ራትና


ፓታን፣ አሳር 15

ይድረስ ለጆግ ራትና፤

ረድኤት አይለይህ። ደብዳቤህን አነበብኩ፤ ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። ቀን መቁጠር እንደ ችግር የሚነሳው ምን ሆነህ ነው? እኔ እያለሁ? ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ስይዝ አንድ ክንድ መሬት አልጠፋብኝም፤ ዘጠና ቀን ሊጠፋብኝ ነው?

ቆጠራውን ለእኔ ተወውና አንተ ብርህን ቀጥቅጥ። ሰንጠረዥ ሠርቼ ልኬልሃለሁ፤ በቀይ ቀለም ያሰመርኩበትን እይ። ዘጠና ቀን ማለት ሦስት ወር ማለት ነው። ከጄት 5 ሦስት ወር ስትሄድ ባዳው 5 ላይ ትደርሳለህ። የፈረንጁንም ቀን ከጎኑ ጽፌልሃለሁ፤ ኦገስት 21። ሰባት ቀን ይታገሣሉ ያልከውንም አልረሳሁም፤ እስከ 28 ድረስ መንበሽበሽ ትችላለህ። ግድግዳህ ላይ ለጥፈው።

ውስኪውን ተወው። አባትህ ከበሮ አላሰኛቸውም፤ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዟቸዋል። ካሜራም አያስፈልግም፤ የሾቫ ባል አለው። ጃንጥላው እንዳለ ነው።

ሂራ ካጂ


ቺያንግ ማይ፣ ኦገስት 26

ለተከበሩት ካካዬ፤

እንደምን ከረሙ? የአባዬ ጉንፋን ለቀቃቸው? ስለ እሳቸው ሦስት መስመር ቢጽፉልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የጻፉልኝ ግን ስለ ጃንጥላ ነው።

ሰንጠረዥዎ ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ በላይ ተለጥፏል። ሥራው ሁሉ ደህና ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አለች፤ ከማስመዝገቢያው ጊዜ በአንድ ቀን አለፍኩ። ኦገስት 24 ሄድኩ፤ የትዕግሥቱ ሰባት ቀን ትናንት አልቋል አሉኝ። ጥፋቱ የእኔው ነው። ሥራ በዛና ተዘናጋሁ። ቅጣቱን ከፍዬ ተመዝግቤያለሁ፤ ሰው አልተቆጣኝም። መነጽር ያደረገች ወጣት ሠራተኛ «ስድስት ዓመት ንጹህ ነህ፤ አሁን ምን ነካህ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ።

የፈቃዱ እድሳት ላይ ምናልባት ይጠይቁኝ ይሆናል። ይጠይቁ፤ የምደብቀው የለኝም።

ሳህኑን ጀምሬዋለሁ። ጠርዙ ላይ ሰባት ዝሆን እያስወጣሁበት ነው፤ አምስተኛው ትንሽ ወፈረ።

ጆግ ራትና


ፓታን፣ ባዳው 27

ለጆግ ራትና፤

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ተናድጃለሁ። ሰንጠረዡ ከጠረጴዛህ በላይ ተለጥፎ፣ በቀይ ተሰምሮበት፣ እስከ 28 ብዬ ጽፌልህ፣ እንዴት ያልፍሃል? እኔ ከዚህ ሆኜ እየቆጠርኩልህ አንተ እዚያ ቆመህ መድረስ አቃተህ? እናትህ ነፍሷን ይማርና «ይህ ልጅ እጁ እንጂ ልቡ ሥራ ላይ የለም» ትል ነበር። ለአባትህ አልነገርኳቸውም።

ጃንጥላውን ተወው፤ ዝናቡም አልቋል። ሳህኑም ካልደረሰልህ ይቅር፤ ዝሆን አይተን እናውቃለን። አንተ ብቻ ና። ከቻልክ ደግሞ ቀደም ብለህ ና።

ሂራ ካጂ


ቺያንግ ማይ፣ ሴፕቴምበር 22

ካካዬ፤

ሰላምታውን በልቤ አድርጌዋለሁ፤ ዛሬ ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ።

መጀመሪያ ጠርሙሱ ቀረ፤ ቀጥሎ ካሜራው ቀረ፤ አሁን ጃንጥላውም ሳህኑም ቀረ። ከእርስዎ እጅ ጃንጥላ የሚያስጥል ነገር ትንሽ ነገር አይደለም። ትናንት አልቻልኩም፤ ሱቁ ደወልኩ። «ሃሎ» እንዳልኩ እርስዎ «አባትህ ደህና ናቸው» ብለው ዘጉት። ካካ፣ እኔ እኮ ገና አልጠየቅኩም ነበር።

አባዬ ምን ሆነዋል?

የእኔን ልንገርዎት። የእድሳት ማመልከቻዬን ተቀብለዋል፤ ግን ያቺ አንድ ቀን ስላለች እንመልከተው፣ ኦክቶበር 20 ተመለስ ተብያለሁ። እስከዚያ የመመለሻ ማህተም አይመታልኝም። በእናንተ ካርቲክ 3 ማለት ነው፤ ለሠረገላው አምስት ቀን ሲቀረው። ያን ዕለት እሺ ካሉኝ እደርሳለሁ። ሌላ ቀን ከጨመሩብኝ አልደርስም።

አሁኑኑ መውጣት ግን የሚከለክለኝ የለም። ፈቃዴን ትቼ፣ ስድስቱን ዓመት ትቼ፣ ነገ አውሮፕላን ላይ እወጣለሁ። እዚያ ሄጄ ምን እንደምሠራ አላውቅም፤ አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ መዶሻዬን ይዤ ከግቢያችን በር እንደገና እጀምራለሁ። አባዬ ሊያመልጡኝ ከሆነ አንድ ቃል ይጻፉልኝ፤ ማህተም አልጠብቅም። ደህና ናቸው ብለው ደግመው እንዳይጽፉልኝ ብቻ በእግዜር ይዤዎታለሁ።

ጆግ


ፓታን፣ አሶጅ 18

ይድረስ ለልጄ ለጆግ ራትና፤

ይህን ደብዳቤ ወደ ባንኮክ በሚበር የሠፈራችን ነጋዴ እጅ ልኬዋለሁ፤ ፖስታ ቤት ዛሬ አልታመነኝም። ወንበር ፈልገህ ተቀመጥ።

አባትህ በአሳር ወር መጀመሪያ ደረጃ ላይ ወደቁ። ግራ ጎናቸው ሰነፈ። ይናገራሉ፣ ይበላሉ፣ ይቆጣሉ፤ መቀመጥ ግን ያለ ደጋፊ አይችሉም። ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለ። ያልነገርኩህ እንዳትደነግጥ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ስጽፈው እውነት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው። ወንድሜ ናቸው፤ መንገድ መሻገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከፋል፤ ለእኔ ማለቴ ነው። የመጨረሻ ደብዳቤህን ሳነብላቸው ሰንጠረዤን ቅጂውን አምጣ አሉ። አመጣሁ፤ እያሞገሱኝ መስሎኝ ነበር። ደህና እጃቸው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው «ጄት ስንት ቀን አለው?» አሉኝ። ሠላሳ አንድ አልኩ። «አሳርስ ዘንድሮ?» ሠላሳ ሁለት። «ሳውንስ?» ሠላሳ አንድ። ዶቃቸውን ገፉት፣ ገፉት፣ አቆሙ። «ዘጠና አራት» አሉ።

ዘጠና አራት! የእኛ የክረምት ወር ረጅም መሆኑን ግቢው ውስጥ ያለ ማንም ሰው ያውቃል፤ እኔ ሂራ ካጂ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ የያዝኩት፣ ሦስት ወር ዘጠና ነው ብዬ በቀይ ቀለም አሰመርኩልህ። ቀንህ ኦገስት 16 ነበር፣ ትዕግሥቱም 23 ላይ አልቋል። አንተ 24 የሄድከው እስከ 28 አለህ ስላልኩህ ነው። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብትህን አስጣልኩህ። ይባስ ብሎ ሰደብኩህ፤ እናትህንም ምስክር ጠራሁብህ። አንተ ደግሞ ታውቅ ነበር። ታውቅ ነበር አይደል? ጥፋቱ የእኔ ነው ብለህ ዝም አልክ። ይቅር በለኝ፤ ለሰው እንዲህ ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፣ የቃሉ አቀማመጥ ከተበላሸ እለፈው።

ልምጣ ወይ ላልከው መልሱን እኔ ልሰጥህ ነበር፤ ብዕር አንስቼ «ነገውኑ ና» ብዬ ጽፌ ነበር። አባትህ ቀደውት እንዲህ ብለህ ጻፍ አሉኝ፤ ቃል በቃል ነው፦

«እሱ እዚያ በሥርዓት ይቁጠር፤ እኔም እዚህ በሥርዓት እቆጥራለሁ። ካርቲክ 8 ሳይደርስ የትም አልሄድም። ማህተሙን ሳያስመታ ከመጣ ግን ሠረገላው ላይ አልወጣም። ስድስት ዓመቱን ያቃጠለ ልጅ እንዲጎትተኝ አልፈልግም።»

ከዚያ ጥብስ ጠየቁ፤ ሾቫም ሰጠቻቸው። ወንድሜን አውቃቸዋለሁ፣ ካሉ አሉ ነው።

ሂራ ካጂ


ቺያንግ ማይ፣ ኦክቶበር 20፣ ከቢሮው ደጃፍ አግዳሚ ላይ

ካካዬ፤

ይህን ደብዳቤ ራሴ ይዤው ስለምመጣ ቴምብር አልለጠፍኩበትም። ይቆጡኝ ይሆናል።

የቤት አከራዬ፣ አክስት ቡንሲ፣ የቤቱን መዝገብ ታቅፋ አብራኝ መጣች፤ ማንም አልጠራትም፣ «ይህ ሰው ሌባ ነው እንዴ? የሚኖረው እኔ ቤት ነው» ብላ ልትከራከርልኝ ነው። ኩን ዊቺትም የሥራ ወረቀቱን አሟልቶ ሰጠኝ። ተራዬ ሲደርስ ያቺው ባለመነጽሯ ነበረች። ለምን ዘገየህ አለችኝ። ባለፈው ወረቀቴን ተቀብዬ ወጥቼ ነበር፤ ዛሬ ሰንጠረዥዎን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት። ወራችን ሠላሳ ሁለት ቀን እንደሚደርስ፣ ዓመታችን 2056 እንደሆነ፣ አጎቴ ደግሞ በቀለም የታመነ ሰው እንደሆነ ነገርኳት። ቀዩን መስመር በጣቷ ተከትላ ሄደች። «ይህን ያህል ተጠንቅቆ የተሳሳተ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች።

አይከፉ ካካ፣ ያሳለፈኝ እሱ ይመስለኛል። ወደ ውስጥ ይዛው ገባች፤ ለአለቃዋ አሳየችው፤ ስትመለስ የዓመቱም የመመለሻውም ማህተም ተመቷል። ሰንጠረዡን ፎቶ ኮፒ አድርጋ ከፋይሌ ጋር አያይዛዋለች። እንግዲህ እርስዎም እዚህ አገር ተመዝግበዋል።

ከነገ ወዲያ እበራለሁ። ሳህኑ ጉያዬ ውስጥ ነው፤ አምስተኛውን ዝሆን አቅጥኜዋለሁ። ጃንጥላውንም ገዝቻለሁ።

ጆግ ራትና


ፓታን፣ ማንግሲር 8

ይድረስ ለጆግ ራትና፤

በሰላም ቺያንግ ማይ መግባትህን ሰምተን ደስ ብሎናል። ስትሄድ ለበረከት የቀመስከው እንቁላልና ዓሣ መንገድህን አቃንቶታል፤ ሾቫ ያጠመቀችው አረቄም የራሱን ሠርቷል። ጃንጥላው ግሩም ነው። ሱቁ ውስጥ ዘርግቼው የባለሱቁን የሻይ ብርጭቆ ሰበርኩ።

በሠረገላው ቀን አንተ ከፊት ነበርክ፤ ገመድ የያዘ ሰው ወደ ኋላ አይዞርም፣ ስለዚህ አባትህን አላየሃቸውም። እኔ ከኋላ ስገፋ ስለነበርኩ የማየው ጀርባቸውን ነበር፤ የውሃ ጉድጓዱ ጋ ስንታጠፍ ግን ጎን ለጎን ሆንኩ። ሾቫ በነጠላዋ ከወንበሩ ጋር ልታስራቸው ስትል እምቢ ያሉትን ታስታውሳለህ። እንዲያ ዘመም ብለው በአንድ እጃቸው ብቻ ተደግፈው ነው ዙሪያውን የጨረሱት። ሰው አበባ ሲወረውር፣ ሴቶቹ እግራቸውን ሲነኩ፣ አንዱንም አላዩም። ዓይናቸው ያንተ ማጅራት ላይ ነበር።

ማታ ምን ያዩ ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሲሄድ ጸጉሩ ጥቁር ነበር» አሉኝ። «ማጅራቱ ሸብቷል። ማንም አልነገረኝም።» አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ለማንም አትናገር።

በማግሥቱ ግን ሌላ ሰው ሆነው ነቁ። ቀጣዩ ሠረገላ መቼ ነው አሉ። ሰማንያ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ከአራት ቀን ሲሆን ነው አልኳቸው። «ልጄ በሚቆጥርበት ስንት ነው?» አሉ። ቆጠርኩ። ኮከብ ቆጣሪውን አስቆጠርኩ። ሾቫን አስቆጠርኩ። ሦስታችንም ስንስማማ ብቻ ነገርኳቸው፤ ሃያ ሦስት ጊዜ ዘጠና፣ ከዚያ ሃያ ሰባት ቀን። «ሃያ ሦስት ወረቀት ብቻ?» አሉ፤ እንደ ቀላል ነገር። ትእዛዛቸው ይህ ነው፦ እያንዳንዷን ባስመዘገብክ ቁጥር ጻፍላቸው፤ እሳቸውም ይመልሱልሃል።

አሁን የገባህበትን ቀን ይዘህ ራስህ ቁጠር። የበጋ ወሮቻችን አጫጭር ናቸው፤ በእኔ ሰንጠረዥ ብትሄድ ቢሮው ሳይከፈት ትደርሳለህ።

ሂራ ካጂ


ቺያንግ ማይ፣ ፌብሩዋሪ 5

ለአባዬ፤

እግርዎን በሩቅ እስማለሁ። ዛሬ ጠዋት ቀርቤ ተመዝግቤያለሁ፤ ቀኔ አራት ቀን ሲቀረው። ባለመነጽሯ አባትህ እንዴት ናቸው አለችኝ። ተቀምጠዋል አልኳት።

አንደኛዋ ወረቀት ፓስፖርቴ ላይ ተያይዛለች። ሃያ ሁለት ይቀራል።

ልጅዎ ጆግ ራትና


ፓታን፣ ፋጉን 10

ለልጄ፤

ጽሑፉ የተንጋደደው በአንድ እጄ ወረቀቱንም ብዕሩንም ስለያዝኩ ነው። ሂራ ልጻፍልህ ብሎ ነበር፤ ይህን እንኳ በራሴ ልጻፈው አልኩት።

አለሁ። የምኖረውም እዚያው ነው።

አባትህ ፑርና ራትና